ጥሩምባው ከሞት በፊት ቢነፋስ?



እንደሚታወቀው የዕድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ለፋፊያችን ጥሩምባውን ይዞ በየሰፈሩ ሲዞር የሰማ ሁሉ «ማን ይሆን?» እያለ ከመኝታው ይነሣል። ወንዱ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቱ ድስት ይጥዳል። በዚህ በኩል ዕድራችን የሚታማ አይደለም። ሀብታም ደኻ ሳይል፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል ሁሉንም በክብር ሸኝቷል።

ነገር ግን እኔ የዕድሩ ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን የሆነውን አንድ ነገር ላውጋችሁ። በአንድ የክረምት ሌሊት ከወንዙ ዳር የነበረ የአንድ አባላችን ቤት ተደርምሶ አባወራው ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ አረፉ። ጥሩምባው ተነፋ፤ ሦስት ሣጥን ተገዛ፤ ድንኳን ተተከለ። ለባለቤታቸውም በደንቡ መሠረት የሚገባቸው ገንዘብ ተቆጥሮ ተሰጣቸው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ወጪውን በመዝገብ ላሰፍር ገጹን ስገልጥ ግን አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ ከፊቴ ወጣ። እኒያው ሟች ከሁለት ዓመት በፊት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ወንዙ የቤቴን ሥር እየበላው ነው፤ ለድንጋይ ካብ የሚሆን ገንዘብ ዕድሩ ያበድረኝና ቀስ እያልኩ ልክፈል» ብለው ነበር። ከሥሩ ያለው መልስ «በመተዳደሪያ ደንባችን የሌለ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔው የእጅ ጽሕፈት ነው። ለካቡ የጠየቁት ገንዘብ ለሦስቱ ቀብር ካወጣነው ያነሰ ነበር።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አገራችን ክፉ ቀኖች የተጻፈውን እያነበብኩ ቆይቻለሁ። ያገኘሁትም ያንኑ የእኛን ቃለ ጉባኤ በትልቁ ነው። አደጋው ሳይታወቅ የመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የጎደለው አስቀድሞ የተቀመጠ ነገርና «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነው። ይህንኑ በታሪክ ቅደም ተከተል ለማሳየት እሞክራለሁ።

አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?

የአገራችን ገበሬ ክፉ ቀን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ቤቱንም የሠራው ይህንኑ አስቦ ነው። ጎተራውን ከእንጨትና ከጭቃ ሠርቶ፣ እርጥበትና አይጥ እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። በሐረርጌ ማሽላውን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል። ጤፍና ዳጉሳ ነቀዝ ስለማይደፍራቸው ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ብልህ ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጠው እነሱን አልነበረም። በደቡብ ደግሞ እንሰት አለ። እንሰት ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀርም ከመሬት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከተፋቀ በኋላም ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በቦረና ዘንድ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገኖቹ ከየበረታቸው እያዋጡ እንደገና ያቋቁሙታል። ይህ እንግዲህ የሕያዋን ዕድር ማለት ነው።

ለዘመቻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስንቁን ራሱ ይዞ ነበር የሚወጣው። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁሉም እሳት ሳይፈልግ የሚበላ ነው። እናቶቻችን ይህን ያዘጋጁት ጦርነቱ ከመጣ በኋላ አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ እያለ ሕዝቡ ለምን አለቀ? አንደኛው ምክንያት የአንድ ቤት ጎተራ የሚችለው የአንድ ዓመት ችግር በመሆኑ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲደራረብ ገበሬው አስቀድሞ በሬውን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። እዚህ ከደረሰ በኋላ ዝናብ ቢዘንብም አይጠቅመውም። ሁለተኛው ምክንያት ከጎተራው ላይ የመሬቱ ባለቤት ድርሻ ስለሚነሣ ነው። ጭሰኛ ለክፉ ቀን የሚያስተርፈው ብዙ አልነበረም።

ክፉ ቀን

በታሪካችን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወቀው ዘመን የጀመረው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት ላይ ተዛምቶ ሕዝቡ «ደስታ» እያለ የሚጠራው የከብት በሽታ ገባ። ከምጽዋ ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። በዚያው ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ። መሬቱ አለ፤ ገበሬው አለ፤ የሚያርስ በሬ ግን የለም። እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚህ መከራ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ይባላል።

ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው እህል ከመስጠታቸውም በላይ፣ ሕዝቡ ያለ በሬ ማረስን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የቤተ መንግሥት ጎተራ ለአንድ ከተማ እንጂ ለአገር አይበቃም። በሽታውን ለመከላከል ደግሞ በዚያን ጊዜ መድኃኒቱም ዕውቀቱም አልነበረም።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ግን የሚያጽናና ነው። ክትባት ከተገኘ በኋላ በአገራችን ከብት ሲከተብ ኖሮ፣ በሽታው በመጨረሻ የተደበቀው መኪና በማይደርስበት ቆላ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ በአፋር ምድር ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ መክተብ ተማሩ። በ2003 ዓ.ም. ይህ በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። አንድ ሲሶ ሕዝብ የፈጀው መቅሠፍት ዛሬ የለም። ያጠፋውም ከብቱ ጤነኛ ሳለ ሰው ያደረገው ሥራ ነው።

የኅዳር በሽታ

ለዕድር ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የ1911 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ዓለምን ያመሰው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ከተማዋ የነበራት ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከእነሱም መካከል ጥቂቶቹ ሞቱ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

አስከፊው ነገር ሞቱ ብቻ አልነበረም። ቀባሪ ጠፋ። ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት ውኃ የሚያቀብል አልተገኘም። ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ፤ ሳይቀበር የቀረውንም ጅብ በላው። ሽማግሌዎች «ኅዳር ሲታጠን» እያሉ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚያቃጥሉት ከዚያ የቀረ መታሰቢያ ነው ሲባል ኖሯል።

ዕድር በከተማ እየተስፋፋ የመጣው ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ይልቁንም በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ነው። ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ በሌለበት ከተማ የተቀመጠ ሰው «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ፈራ። ፍርሃቱንም በመዋጮ መለሰው። ልብ በሉ፤ መዋጮው የሚከፈለው ከሞቱ በፊት ነው። ማንም ሰው ከሞተ በኋላ መጥቶ አባል ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ መዘጋጀት ማለት እኮ ይኸው ነው። እኛ ግን ለአንድ ነገር ብቻ ተዘጋጀንና በዚያው ቆምን።

የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ

በወሎ ምሥራቃዊ ክፍል የ1964 ክረምት አጠረ፤ የ1965 በልግም ቀረ። የእርሻ ሚኒስቴር ያስጠናው የምርት ግምት ችግር እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከመሳቢያ አልወጣም። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ መለመን ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይወራ ይፈልግ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ፤ በዚያን ጊዜ ግን ስንቱ አልቆ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ብዙ አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል አልተሰቀለም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። አዝመራው ጠፍቶበታል፤ በሬውን ቢያወጣ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የረኀብ ምልክት ሰማይ ላይ ብቻ ሳይሆን ገበያ ላይም ይታያል። የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ከወጣ፣ ሰው ማረሻውንና ቆርቆሮውን መሸጥ ከጀመረ፣ ያ አካባቢ ጥሩምባ ሊነፋለት ይገባል።

ከዚህ በኋላ በዚያው በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዝናቡን፣ አዝመራውንና ገበያውን እየተከታተለ የሚያስጠነቅቅ ክፍልም አደራጀ። እንግዲህ ጥሩምባ ነፊ ተገኘ ማለት ነው።

ተነፋም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለጋሽ አገሮችን ሰብስቦ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ተናገረ። ዘጠኝ ሚሊዮን ኩንታል እህል እንደሚያስፈልግ ቢገመትም፣ ወደቡና የጭነት መኪናው ሊያነሣ የሚችለውን ያህል ተብሎ የተጠየቀው ግማሹ ብቻ ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እህል ቢገኝ እንኳ ማጓጓዣው አልተዘጋጀም ነበርና። ለጋሾቹም ቁጥሩን ተጠራጥረው ዘገዩ። በአገር ውስጥ ደግሞ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ ገንዘቡን ይበላ ነበር፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በትልቅ ወጪ ተከበረ። ጥቅምት 13 ቀን የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ታየ። እርዳታው ከዚያ በኋላ ጎረፈ። የሞተውን ሰው ቁጥር አንዳንዶች አራት መቶ ሺህ፣ ሌሎች እስከ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል።

የ1966ቱ ጥፋት መስማት አለመፈለግ ነው ብንል፣ የ1977ቱ ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳኑ ባዶ መሆኑ ነው። የመጠባበቂያ እህል ክምችት እንዲኖር የተወሰነው ከጥቂት ዓመት በፊት ነበር፤ ጎተራው ግን ገና አልሞላም።

ምን ተለወጠ?

ክምችቱ በኋላ ዘመን ሞላ። አሠራሩም ለእኛ ለዕድርተኞች የሚገባ ነው። እህሉ ለረድኤት ድርጅት የሚሰጠው በብድር ነው። ድርጅቱ መርከቡ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ከመጋዘኑ ወስዶ ያድላል፤ የራሱ እህል ሲመጣ ደግሞ ይተካል። በዚህ ዓይነት በመካከል የሚባክነው የብዙ ወር ጊዜ ይተርፋል። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈልጎ ነበር፤ ይህም ከ1977ቱ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ቀድሞ በመነገሩና ክምችቱ በመኖሩ እንደ ኮረም ያለ እልቂት አልታየም። ሰው አልተጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ወደ አምስት ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ተጀመረ። ገበሬው በሬውን ከመሸጡ በፊት በችግሩ ወራት እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል፤ በምላሹም እርከን ይሠራል፤ ኩሬ ይቆፍራል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ «እርዳታ» ከሚለው ተነሥቶ በ1980ዎቹ ማብቂያ «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት» ወደሚል ተለውጧል። ይህም ሆኖ ጦርነት ባለበት ጎተራም፣ መንገድም፣ ማስጠንቀቂያም ከንቱ እንደሚሆን ያለፉት ዓመታት ደግመው አስተምረውናል።

በድንገት የሚመጣው

«ረኀቡስ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በምን ይታወቃል?» የሚል ይኖራል። ሦስት ነገር ላስታውስ።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 ሰው በላይ ወሰደ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። ዝናቡ የጣለው በላይኛው ደጋ ነው፤ ከተማው ተኝቷል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ያየና ወደ ታች የሚያስተላልፍ ሰው ቢመደብ ኖሮ፣ የአንድ ሰዓት ጊዜ እንኳ ስንት ነፍስ ያተርፍ ነበር!

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። የሰፈሩ ሰው እንደ ባህላችን ግር ብሎ ሊያወጣቸው ሮጠ። እየቆፈረ ሳለ መሬቱ ሁለተኛ ተናደና አዳኞቹን ጭምር ወሰደ። ከሁለት መቶ ሰው በላይ አለቀ። ከዚህ የምንማረው መራራ ነው። ደግነት ብቻውን አይበቃም፤ ለማዳንም ሥርዓት ያስፈልገዋል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ ቆየች፤ እኛም አዲስ አበባ ላይ ሆነን መብራቱ ሲወዛወዝ አይተናል። ይህ ስምጥ ሸለቆ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል በተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017ቱ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ትልቁ መንቀጥቀጥ ሳይመጣ ከቦታው ተነሣ። በመጠለያ መኖር ከባድ ነው፤ ግን ቆሞ የሚማረር ሰው ተርፏል።

ለጠቅላላ ጉባኤው

ታሪኩን ያወጋሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ለመጪው ስብሰባ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከወርኃዊ መዋጯችን ከአሥር አንዱ እጅ «የክፉ ቀን መጠባበቂያ» ተብሎ በተለየ መዝገብ ይያዝ። ካብ ሊሠራ፣ ጣሪያ ሊጠግን፣ ቦይ ሊያወጣ ለሚፈልግ አባል በብድር ይሰጥ። እንደ መጠባበቂያ እህሉ ሁሉ ይበደሩ፤ ይተኩ።

ሁለተኛ፤ ጥሩምባው ሁለት ዓይነት ድምፅ ይኑረው። ረጅሙ የሞት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚነፋው «ውጡ!» ማለት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በጠናበት ሌሊት ወንዙን የሚያይ ተረኛ ይመደብ። ቦዮቹም ሰኔ ሳይገባ ይጠረጉ።

ሦስተኛ፤ ጸሐፊው አልጋ የያዙትን፣ ዓይናቸው የደከመውን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን በስም ይመዝግብ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ተሸካሚ ጎልማሳ ይወሰን። ቃሬዛው ያለን ለሬሳ ብቻ አይደለም፤ ድንኳኑም ቤቱ ለፈረሰበት ይሆናል።

አራተኛ፤ ቤት ሲናድ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ። አንድ ሰው ቆሞ ከላይ ያለውን መሬት ይይ፤ ጥቂቶች ይቆፍሩ፤ ሌላው ርቆ ይጠብቅ።

አምስተኛ፤ በየቤታችን የሦስት ቀን ስንቅ ይኑር። አንድ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ በሶና ድርቆሽ፣ ባትሪ፣ ሰነዶቻችን በላስቲክ ተጠቅልለው። የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው።

«ገንዘቡ ካለቀ ማን ይቀብረናል?» የሚል ወንድም እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም የማቀርበው አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው፤ ዘጠኙ እጅ ለቀብር እንደ ተጠበቀ ይቆያል።

የእኒያ አባላችን ባለቤት ዛሬም ከእኛው ጋራ ናቸው። መዋጯቸውን ቀን አሳልፈው አያውቁም፤ ሰው ሲሞት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ስለዚያ ቃለ ጉባኤ አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን እስክሞት ድረስ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ይኸውም ያ «በደንባችን የሌለ» የሚለው ቃል በመጪው ጉባኤ ተነሥቶ በሌላ ቃል እንዲተካ ነው። እስክርቢቶውን ይዤ እመጣለሁ።

የቀድሞ የዕድሩ ጸሐፊ